ያገለገለ ቤታ ሬቭ-3ን ማደስ፦ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ አልነበረም

ጉዳዩ የአንድ ቤታ ሬቭ-3 ትሪያል ሞተር ሳይክል ነው፤ ባለ250 ሲሲ፣ ባለሁለት ምት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ የ2004 እ.ኤ.አ. ሞዴል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር፣ በክለብ ውድድር ላይ የሚነዳ ነው። የአሁኑ ባለቤት ሲገዛው ለወራት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቅሬታው አራት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማርሽ ሲገባ ፍሪሲዮኑ ተይዞም ወደ ፊት ይዘላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ሚኒሞ ላይ አይረጋም፤ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ባለ ዙር ይቆያል፣ ወዲያው ወርዶ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ የኋላው ድርቅ ያለ ነው፤ ድንጋይ ሲነካ ነጂውን ይወረውራል። አራተኛ፣ የኋላ ጎማው በአንድ ሌሊት አየር ይጨርሳል።

ባለቤቱ የመድኃኒቱን ዝርዝር አስቀድሞ ጽፎ ጨርሷል፤ 28 ሚሊሜትር ካርቡሬተር፣ ለስለስ ያለ የኋላ ሞላ፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ሸራ። ካርቡሬተሩማ ተገዝቶ መጥቷል። ከሦስቱ አንዱም አላስፈለገም። እያንዳንዱ ቅሬታ ከሌላ ቦታ የመጣ ብልሽት ነበርና ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ትሪያልን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ይጠቅማል። ውድድሩ የፍጥነት አይደለም። ድንጋይ፣ ጅረት፣ ዳገትና የዛፍ ሥር ያለበት አጭር መስመር ይከለላል፤ ነጂው ሳይቆምና እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ አለበት። እግር አንዴ ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ 2፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3፣ ሞተሩ ከጠፋ ወይም ከመስመር ከወጣ 5 ነጥብ ቅጣት ነው። ነጂው ቆሞ ስለሚነዳ ሞተር ሳይክሉ እውነተኛ መቀመጫ የለውም፤ የሞተር ሳይክሉ ክብደትም ከ70 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በሚኒሞና ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ባለ ዙር፣ በአንድ ጣት በሚያዝ ፍሪሲዮን ነው። ስለዚህ በመንገድ ሞተር ላይ ማንም ልብ የማይለው ጉድለት እዚህ ላይ 5 ነጥብ ያስከፍላል።

ቤታ በ1904 በፍሎረንስ የተመሠረተ የጣሊያን ፋብሪካ ነው። እንግሊዛዊው የትሪያል ነጂ ዱጊ ላምፕኪን ከ1997 እስከ 1999 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በቤታ ሲሆን፣ ሬቭ-3 ከዚያ በኋላ በ2000 ሞዴልነት መጥቶ በ2009 ኢቮ ለሚባለው ተተኪ ሞዴል ቦታውን ለቀቀ። በብዛት ስለተሸጠ መለዋወጫው እስካሁን አይጠፋም፤ ላገለገለ ትሪያል ሞተር ይህ ከፈረስ ጉልበቱ ይበልጣል።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት የተለካው

ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሞተር ሳይክሉም ሳይታጠብ ነው ምርመራው የተጀመረው። ታጥቦ የመጣ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ አይናገርም።

የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው በቀስታ ከጎን ወደ ጎን ሲዞር መሃል ላይ የመያዝ ስሜት አልነበረውም፤ የመሪው ኩሽኔታ ደህና ነው። የኋላው ተነስቶ ጎማው ወደ ላይ ሲሳብ አንድም ሚሊሜትር ክፍተት አልተገኘም። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ሃያ ዓመት በጭቃ ለተነዳ ሞተር ግን ምንም ክፍተት አለመኖሩ ራሱ አጠራጣሪ ነው። የላላ ኩሽኔታ ይንኳኳል፣ የዛገና የደረቀ ግን አይንቀሳቀስም።

ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ መርገጫው ላይ ሲቆም የኋላው ስንት እንደሚወርድ ተለካ። አለካኩ ቀላል ነው። ሞተር ሳይክሉ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ከኋላ አክሱ እስከ ጭቃ መከላከያው ላይ በተሰመረ ምልክት ድረስ ያለው ርቀት ይያዛል፤ ነጂው ሲቆምበት ዳግም ይለካል፤ ልዩነቱ መውረጃው ነው። በትሪያል መውረጃው ከጠቅላላው የመንቀሳቀሻ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ይፈለጋል፤ ለዚህ ሞተር 55 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው። የተገኘው 22 ሚሊሜትር ነበር። ነጂው 92 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ ክብደት 22 ሚሊሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ ወይ ሞላው ለሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ይዞታል። ሞላው ላይ ያለው ምልክት የፋብሪካው ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ሁለተኛው ዞረ።

የማርሽ ዘይቱ ሲደፋ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ውኃ ገብቶበታል። በባለቤቱ ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ አምስተኛ ብልሽት መሆኑ ነው።

ፍሪሲዮኑ

በሬቭ-3 ላይ ማርሽ ሲገባ መዝለል የታወቀ ጠባይ ነው፤ ምክንያቱም እንዲሁ የታወቀ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች የቡሽ መልክ ያላቸው ቁርጥራጮች በብረት ቀለበት ላይ በማጣበቂያ የተለጠፉባቸው ናቸው። በፋብሪካው ሲለጠፍ የተረፈው ማጣበቂያ በቁርጥራጮቹ መካከል ወጥቶ ይደርቃል። ከፍታው ከሸራው ጋር ስለሚቀራረብ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣና ማጣበቂያው ከብረቱ ሳህን ጋር ይጣበቃል። ሸራው አላለቀም፤ መለያየት ነው ያቃተው። አዲስ ሸራ ቢገባ ደግሞ አዲስ የተረፈ ማጣበቂያ ይዞ ይመጣል፤ ያው ዝላይ ይቀጥላል።

ሞተር ሳይክሉ በግራ ጎኑ በሰፍነግ ላይ ሲጋደም የቀኙ የፍሪሲዮን ክዳን ይከፈታል፤ የፍሬን ፔዳሉ ግን አስቀድሞ መውጣት አለበት። የሞላዎቹ ቡሎኖች በአንድ ጊዜ አይፈቱም፤ ሁሉም በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እየተላሉ ይወጣሉ፤ አለዚያ መግፊያው ሳህን ይጋደልና አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። ሸራና ብረት ሲወጡ ተራቸውንና ፊታቸውን ጠብቀው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ።

ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል። ሸራው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተቀምጦ ቡናማው ማጣበቂያ በስለታም ቢላ ከቁርጥራጮቹ መካከል እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቃል፤ የሁለቱም ፊት። ስለቱ ከቁርጥራጩ ጠርዝ ጋር ትይዩ ይሂድ እንጂ ከሥሩ ገብቶ አያንሳው። የተነሳ ቁርጥራጭ ያለበት ሸራ ይጣላል፤ ዘይት ውስጥ ወድቆ የማርሽ ጥርስ መካከል ከገባ ካምቢዮውን ያበላሻል። ማጣበቂያው ሲወገድ ዘይቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ጎዳና በሸራዎቹ መካከል ይከፈታል፤ ጠቅላላ ምስጢሩ ይኸው ነው።

የብረት ሳህኖቹ መስታወት ላይ ተኝተው ከሥራቸው 0.15 ሚሊሜትር የክፍተት መለኪያ ምላስ አልገባም፤ ስላልተጣመሙ ተመለሱ። ፊታቸው እንደ ተወለወለ ያብለጨለጭ ስለነበር በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በክብ እንቅስቃሴ ተፈግፍጎ ብልጭታው ጠፋ፣ በቤንዚን ታጠበ። ሸራዎቹን የሚይዘው የውጪው ቅርጫት ላይ የሸራዎቹ ጥርሶች ያበጁት ትንሽ ጎድጓድ ነበር፤ ጥፍር ሲያልፍበት በጭንቅ ስለሚይዝ በጠፍጣፋ ሞረድ ተስተካከለ። ጎድጓዱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ቅርጫቱን መቀየር ይሻል ነበር፤ ብዙ የተሞረደ የቅርጫት ጣት ይሰበራል።

ሸራዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አደሩ። ዘይቱ ዴክስሮን 3 የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይለያል። ለመኪና ሞተር የተሠራና መንሸራተትን የሚቀንስ ቅመም የተጨመረበት ዘይት እዚህ ቦታ የለውም። መጠኑ በመመሪያው መጽሐፍ እንደተጻፈው በመለኪያ ይገባል እንጂ በግምት አይሞላም።

የሃይድሮሊኩ ክፍልም ታየ፤ የተፋቀ ሸራ መግፊያው ካልገፋው ዋጋ የለውም። እጀታው ጫፍ ላይ 2–3 ሚሊሜትር ነፃ እንቅስቃሴ መኖር አለበት። ነፃ እንቅስቃሴ ከሌለ የላይኛው ሲሊንደር ትንሿ ቀዳዳ ተዘግታ ትቆያለች፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ያጣና ፍሪሲዮኑን በራሱ ይገፋዋል፤ ጠዋት የማይለያይ ፍሪሲዮን ከሰዓት በኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ፈሳሽ ከመጨመር በፊት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ማዕድናዊ ዘይት የሚል ሲሊንደር ዶት 4 የተባለው የፍሬን ፈሳሽ ከገባበት፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ጎማ አብጦ ይበላሻል። ባገለገለ ሞተር ላይ የፊተኛው ባለቤት ሲሊንደሩን በሌላ ዓይነት ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል የሚታመነው መጽሐፉ ሳይሆን ክዳኑ ነው። አየር የሚወጣው ከሥር ወደ ላይ በስሪንጅ በመግፋት ነው፤ ከላይ በእጀታ ብቻ እየጫኑ ማውጣት በዚህች ትንሽ ሲሊንደር ላይ ሲያደክም ይውላል።

ከዚህ በኋላ ዝላዩ ጠፋ። ለሳምንት ቆሞ ሲነሳ ግን ጥቂት መያዝ ይቀራል፣ የማንኛውም በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ነገር ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ 2ኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተር ሳይክሉን ፊትና ኋላ ማወዛወዝ ይበቃዋል።

ካርቡሬተር የመሰለው የአየር ፍሳሽ

ነዳጅ መስጫው ተለቆ ዙሩ አልወርድ ካለ ድብልቁ ቀጥኗል፤ ነዳጁ አንሷል ወይም አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ጄት፣ ማለት ነዳጁ የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ቪቴ፣ ይቀይራል። ባለቤቱም አንድ ቁጥር የሚበልጥ የሚኒሞ ጄት አስገብቶ ነበር፤ ጥቂት ተሻለውና በሚቀጥለው እሁድ ባሰበት። ጄት ቁጥሩ አይለዋወጥም፤ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ጠባይ ካለ የሚፈለገው ፍሳሽ ነው።

ባለሁለት ምት ሞተር ድብልቁን የሚስበውና የሚገፋው በክራንክ ሻፍቱ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉት ኦይል ሲሎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች፤ ከዚህ በኋላ «ሲል») የአየርም ሲሎች ናቸው። የቀኙ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው፣ ሲሳሳ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ ጭሱ ይበዛል፣ የማርሽ ዘይቱ ያንሳል። የግራው፣ ከቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ ያለው፣ ሲሳሳ ደረቅ አየር ይስባል፤ ጭስ የለ፣ ዘይት የለ፣ የሚታይ ነገር የለም። ሞተሩ ግን በሚኒሞ ይወራጫል፣ ከፍ ባለ ዙር ረጅም ዳገት ከወጣ ደግሞ ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል።

መመርመሪያው የግፊት ፈተና ነው። ማርሚታው ወጥቶ የጭስ መውጫው በጎማና በብረት ሳህን ይታፈናል፤ ካርቡሬተሩ ወጥቶ በቦታው ልክ የሆነ የጎማ መወተፊያ ይታሰራል፤ ካንዴላው ቦታው ላይ ይቆያል። በመወተፊያው በተሰካ ቀጭን ቱቦ 0.4 ባር ብቻ ይነፋል። ከ0.5 ባር በላይ ደህናውን ሲል ከቦታው ሊያስወጣው ስለሚችል የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አይነካም፤ መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ ይበቃል። ጤነኛ ሞተር ግፊቱን ለደቂቃዎች ይይዛል። ይህኛው በ20 ሰከንድ ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ። የሳሙና ውኃ በሲሊንደሩ ሥር፣ በቴስታታው ዙሪያና በሪድ ቫልቩ (ድብልቁን ወደ ውስጥ ብቻ በሚያሳልፈው ባለቅጠል ቫልቭ) ማረፊያ ተረጨ፤ አረፋ የለም። የቮላኖው ክዳን ተከፍቶ ከጀርባው ሲረጭ አረፋው ተነሳ። ፈተናው ለማንኛውም ባለሁለት ምት ሞተር ይሠራል፤ የቆየ ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ 100 ያለው አንባቢም ፒስተን ከመቀየሩ በፊት ቢሞክረው አይከስርም።

ቮላኖው በመዶሻ አይወጣም፤ ለጥርሱ ልክ የሆነ መጎተቻ ያስፈልገዋል። ከጀርባው ያለው የስቴተር ሳህን ከመፈታቱ በፊት የነበረበት ቦታ በቀጭን ብረት ተጭሮ ምልክት ይደረግ፤ የእሳቱ ጊዜ የሚወሰነው በእሱ ነው። አሁን፣ አሮጌው ሲል ቦታው ላይ ሳለ፣ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ ዋናው ኩሽኔታ አልቋልና አዲሱ ሲል ጥቂት ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ሞተሩ ለሁለት መከፈት አለበት። እዚህ ግን ምንም ንቅናቄ አልነበረም።

ሲሉ የወጣው ብረታማው ፊቱ ላይ ትንሽ ቪቴ ገብቶ በፒንሳ በመሳብ ነው። ቀዳዳው ሲሰራ መብሻው ጥልቅ ከገባ ኩሽኔታውን ይነካል፤ ከመብሻው ጫፍ 3 ሚሊሜትር ላይ ቴፕ መጠቅለል ይበቃዋል። የክራንክ ሻፍቱ ወለል ጥፍር የሚይዝ ጭረት ስላልነበረው በ1000 ቁጥር ወረቀት ተወለወለ። የአዲሱ ሲል ከንፈር በግራሶ ተቀብቶ፣ ዲያሜትሩ ከሲሉ ጠርዝ ጋር በሚስማማ የብረት ቡሽ ተመቶ አሮጌው በነበረበት ጥልቀት ገባ፤ ጥልቀቱ ከመውጣቱ በፊት በካሊፐር ተለክቶ ነበር። ቮላኖው ሲመለስ ሾጣጣው ማረፊያና የቮላኖው ውስጥ በአሴቶን ከቅባት መጽዳት አለባቸው። ቮላኖውን የሚይዘው የሾጣጣዎቹ መተቃቀፍ እንጂ በመካከላቸው የምትገባው ትንሽ የብረት ቁልፍ አይደለችም፤ ቅባት ካለ ሾጣጣው ይንሸራተታል፣ ቁልፏ ትቆረጣለች፣ እሳቱ ቦታውን ይስታል።

ፈተናው ተደገመ፤ 0.4 ባር ለ6 ደቂቃ ቆሞ የወረደው ከአሥረኛው ብዙም አይበልጥም። ካርቡሬተሩ፣ ማለት አሮጌው 26 ሚሊሜትሩ፣ ተፈትቶ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ጸዳ፤ የሚኒሞ ጄቱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ተመለሰ፤ የአየር ቪቴው በቀስታ እስኪያልቅ ተጠብቆ አንድ ተኩል ዙር ተከፈተ። ሞተሩ ሞቆ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ነጥብ በሩብ ዙር እየፈለጉ ማስተካከል ነው የቀረው። ነጥቡ ከአንድ ዙር በታች ወይም ከሁለት ተኩል በላይ ከተገኘ ጄቱ ልክ አይደለም። እዚህ አንድ ዙር ከሦስት ሩብ ላይ ተገኘ። ሪድ ቫልቩም ሲወጣ ቅጠሎቹ በብርሃን ፊት ተይዘው ጠርዛቸው አልተቆረሰም፣ ክፍተታቸውም ከ0.2 ሚሊሜትር አይበልጥም ነበር፤ ባሉበት ተመለሱ።

28 ሚሊሜትሩ ካርቡሬተር ተሸጠ። መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፤ በኋላ አንዳንድ የኢቮ ዓይነቶች ኪሂን የተባለውን 28 ሚሊሜትር ካርቡሬተር ይዘው ወጥተዋል። ለደረቅ ድንጋይና ከፍ ላለ ደረጃ ለሚዘል ነጂ ፈጣን ምላሹ ይጠቅማል። የዮርክሸር ውድድር ግን እርጥብ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በዚያ ላይ ኃይሉ ዘግየት ብሎ የሚመጣ ሞተር ጎማውን አያሽከረክርም። በገበያ ያለው ማሻሻያ ሁሉ ለሁሉም ነጂ ማሻሻያ አይሆንም።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ፦ ይህ የጄት ቁጥር ከባሕር ወለል ብዙም ለማይርቅ አገር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ያው ሞተር እዚያ ቢነሳ ነዳጁ በዝቶበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ ዋናው ጄት ወደ ታች መውረድ፣ የካርቡሬተሩ መርፌም አንድ ጥርስ ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

ድብልቁ በ80 ለ1 ተቀመጠ፤ በ5 ሊትር ቤንዚን 62.5 ሚሊሊትር ሙሉ ሲንተቲክ የባለሁለት ምት ዘይት። የፊተኛው ባለቤት በ40 ለ1 ይቀላቅል ነበር። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ የሚጠበቅ ይመስላል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን የተረፈው ዘይት አይቃጠልም፣ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሬንጅ ሆኖ መውጫውን ያጠብበዋል። የማርሚታው መሃለኛ ሳጥን ሲከፈት መሙያው ጥጥ በጥቁር ዘይት ረጥቦ ነበርና በአዲስ ተተካ።

የኋላው ድርቀት

አሞርዛተሩን ከኋላ ክንድ ጋር የሚያገናኙት አጫጭር ማያያዣዎች፣ ሊንኬጅ የሚባሉት፣ ከሞተሩ ሥር ጭቃና ውኃ በቀጥታ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ናቸው። ኩሽኔታቸው ቀጫጭን መርፌዎች ያሉት ነው። በከፍተኛ ግፊት ውኃ ሲታጠብ ግራሶው ይወጣል፣ ውኃው ይቀራል።

አሞርዛተሩ ከላይ ተፈቶ ሲወጣ የኋላ ክንዱ ከነጎማው በራሱ ክብደት መውደቅ ነበረበት። ባለበት ተሰቅሎ ቀረ። የሊንኬጁ ዋና ቡሎን ከውስጥ የብረት ቡሹ ጋር ዝጎ አንድ ሆኗል። ዝገት አላቃቂ ዘይት ተረጭቶ አደረ፤ በሙቀት መንፊያ ሞቆ፣ በመጭመቂያ ወጣ። እዚህ ላይ መዶሻ የሚያነሳ ሰው የቡሎኑን ጫፍ እንደ እንጉዳይ ያሰፋውና ሥራውን በእጥፍ ያሳድጋል። ከአራቱ መርፌ ኩሽኔታ ሦስቱ ዱቄት ሆነው ነበር። ሙሉ ስብስቡ፣ ቡሽና ሲሉን ጨምሮ፣ ተቀየረ፤ ውኃ የሚቋቋም ግራሶ ተሞላ። የኋላ ክንዱ ዋና አክስ ግን ደህና ነበር፤ ታጥቦና ተቀብቶ ተመለሰ።

አሞርዛተሩ ብቻውን ሲፈተሽ ዘንጉ ላይ ዘይት አልነበረም፤ ሲጫንም በዝግታ ይመለሳል። ዘንጉ ቢረጥብ ወይም ሲለቀቅ ወዲያው ቢዘል ግን በናይትሮጅን ጭምር ለሚሞላ ሙያተኛ የሚላክ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የነጂው መውረጃ 58 ሚሊሜትር ሆነ። ባለቤቱ ሊገዛው የነበረው ለስላሳ ሞላ ቢገባ ኖሮ ሊንኬጁ በሌላ ቀን ሲፈታ መውረጃው ከ70 አልፎ ሞተር ሳይክሉ ኋላው ተቀምጦ ፊቱ ይቀልል ነበር። የሞላው ማጥበቂያ ዳዶ አንድ ዙር ተጠብቆ 55 ላይ ቆመ። በፊት በኩል ግን ለ92 ኪሎ ነጂ የፋብሪካው ሞላ በእርግጥ ለስላሳ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። አንድ ደረጃ የሚጠነክር ሞላ ተገጠመ፤ ዘይቱም 5ደብልዩ የተባለው ቀጭን ሆኖ፣ ሞላው ሳይገባና የፎርኩ እግር ተጨምቆ ሳለ ከላይ እስከ ዘይቱ ያለው ርቀት በሁለቱም እግሮች እኩል ተደረገ። የሁለቱ እግሮች የውስጥ ክፍሎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስላይደሉ አንዱ ተገጥሞ ሳያልቅ ሌላውን አለመክፈት ይሻላል።

ውኃው፣ ጎማውና ፍሬኑ

ዘይቱን ነጭ ያደረገው የውኃ ፖምፓው ዘንግ ሲል ነው። ሲሉ ብቻ ቢቀየር አይበቃም ነበር፤ ከንፈሩ የተቀመጠበት ዘንግ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓድ ተቆፍሯል፣ አዲሱም ሲል እዚያው ያፈሳል። ዘንጉና ሲሉ አብረው ተቀየሩ። ዘይቱ በርካሽ ዘይት ታጥቦ ተደፋ፣ ከዚያ ትክክለኛው ገባ። ማቀዝቀዣው የተጣራ ውኃና ፀረ በረዶ እኩል በእኩል ነው። ቬንቲሌተሩ በእጅ ሲዞር ከባድ ነበር፤ ጭቃው ወጥቶ ቢዞርም ሞተሩ ሞቆ በራሱ እስኪነሳ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው፤ በዝግታ የሚሄድ ማሽን ከነፋስ የሚያገኘው ማቀዝቀዣ የለም።

የኋላ ጎማው ካላማዳሪያ የለውም። ቸርኬው ራጂ ያለው ስለሆነ የራጂዎቹን ቀዳዳ የሚደፍን የጎማ ቀበቶ በውስጡ ይዞራል። ጎማው በሳሙና ውኃ ተቀብቶ ሲነፋ አረፋው በሁለት ራጂዎች ራስ ታየ፤ ቀበቶው ደርቆ ተሰንጥቋል። ጎማው ራሱ በጎኑ ላይ ባሉት አራት አኃዞች፣ ሁለቱ ሳምንት ሁለቱ ዓመት የሚናገሩት፣ አሮጌ ነበር፤ ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደንዝዟል። 4.00-18 አዲስ ጎማና አዲስ ቀበቶ ገቡ። ጎማው ጠርዙ እስኪቀመጥ በጎኑ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ሳያልፍ ይነፋል፣ ከዚያ ወደ 0.3 ባር ይወርዳል፤ የፊቱ 0.4 ባር ነው። የተራ ጎማ ቤት መለኪያ በዚህ ዝቅታ አይታመንም፤ እስከ 1 ባር ብቻ የሚያነብ መለኪያ ይገዛ። ከዝርዝሩ ሁሉ በገንዘቡ ልክ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው ጎማ ነው።

የፊት ፍሬን ሸራ ፊቱ ስለደነዘዘ ተቀየረ፣ ዲስኩም በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። የኋላው የሰንሰለት ቅባት ስለነካው ነበር የማይዘው፤ እንዲህ ያለ ሸራ በእሳት ይጸዳል የሚሉ አሉ፣ ግን ዘይቱ ውስጥ ከገባ አይመለስም።

የተጨመረውና የተተወው

ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው ስለ ማሻሻያ ማሰብ የሚቻለው። ሦስት ነገር ገባ። ነዳጅ መስጫው እጅ ብዙ ሲዞር ካርቡሬተሩን ጥቂት የሚከፍት ዝግተኛ ዓይነት ሆነ፤ ርካሽ ነው፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። መርገጫዎቹ ሰፋ ያሉ፣ ማረፊያቸውም 10 ሚሊሜትር ዝቅ ያለ ሆነ፤ ነጂው ረጅም ነው። ማረፊያው ዝቅ ሲል የፍሬኑና የማርሹ ፔዳልም አብሮ መውረድ አለበት፤ ይህ ከተረሳ እግሩ ፍሬኑን ሳያውቅ ይጫናል። ሦስተኛው ከእጅ አንጓ ጋር በገመድ የሚታሰር መግነጢሳዊ ማጥፊያ ነው። ነጂው ሲወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። በዓለም አቀፍ ውድድር ግዴታ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም የተጋደመ ሞተር ጎማው እየዞረ ጣት ይቆርጣል።

የሞተሩ ሥር መከላከያ ሳህን ወደ ላይ ተጣምሞ ሞተሩን ይነካ ነበር። በመጭመቂያ ተስተካክሎ ከሥሩ አዲስ ሰፍነግ ገባ፤ ይህ ካልተደረገ አንድ ጠንካራ ድንጋይ የሞተሩን ቤት ይሰነጥቃል፣ በዚህ ዕድሜ ላለ ሞተር ደግሞ ያ የመጨረሻው ነው።

ክብደት የሚጨምረው የቮላኖ ቀለበት ተተወ፤ ዝግተኛው ነዳጅ መስጫ የተፈለገውን ልስላሴ ሰጥቷል። ሲሊንደሩም አልተከፈተም። የሚገዛ ፒስተን ካለ ግን ፊቱ ላይ የተጻፈውን የመጠን ፊደል ማየት ያስፈልጋል፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው የሚሸጡት በመቶኛ ሚሊሜትር ስለሚለያዩ ለሲሊንደሩ ክፍል የማይስማማው ወይ ይንኳኳል ወይ ይይዛል።

የቀረው የቀኙ ክራንክ ሻፍት ሲል ነው። ጭስም፣ የማርሽ ዘይት መቀነስም አልታየበትም፣ የግፊት ፈተናውንም አልፏል፤ ግን ዕድሜው ከግራው ጋር እኩል ነው። ለመድረስ ፍሪሲዮኑ በሙሉና ትልቁ ክዳን መውጣት ስላለባቸው በሚቀጥለው የፍሪሲዮን ሥራ እንዲቀየር ተወስኗል። እስከዚያ ዘይቱ በተደፋ ቁጥር መጠኑ በመለኪያ ይታያል፤ ከገባው 50 ሚሊሊትር ጎድሎ ከወጣ ያ ሥራ አይጠብቅም።